በሌለ የምርጫ ክልል የተሰጠ ድምፅ

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ በሩ ሲከፈት የነቀዝ መድኃኒትና የአሮጌ ስንዴ ብናኝ ሸተተኝ። መስኮት የለውም። ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ቦታ ለአየር የተተወ ክፍተት አለ፤ ብርሃኑም ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ጉምም የሚገባው በዚያ ነው። ሲሚንቶው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ተነጥፏል፤ ከረጢቱ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ማንም ምን አድርገህ ነው አላለኝም። ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

የተያዝኩት በዚያው ቀን ጠዋት ከሚኒባስ ላይ ነው። ከአንዲት የደጋ ከተማ ወደ አሰላ እየተመለስኩ ነበር። የከተማዋን ስም የማልጠቅሰው እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ስላሉ ነው። ኬላው ላይ አንድ ፖሊስ አንገቱን አስገብቶ ተሳፋሪውን አየና ጋዜጠኛው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ። ውረድ አለኝ፤ ወረድኩ። መቅረጸ ድምፄንና ስልኬን ተቀበለኝ። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም ነበር። አጠገቤ የነበረችው ሴት ጃኬቴን በመስኮት አቀበለችኝ፤ ከዚያ ሄዱ። በዚያ ሰዓት ምን ተሰማህ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ጃኬቱ ስለደረሰኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰኔ ነው፤ ደጋው ይቀዘቅዛል።

ወደዚያ የሄድኩት የአንድ የተሰረዘ የምርጫ ክልል ታሪክ ልጽፍ ነው። ርዕሱ ማንንም ያስቆጣል ብዬ አላሰብኩም። ምርጫ ክልሉ ከላይ ካለው የገብስ ምድር ተነስቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እስከ ታችኛው የስንዴ ሜዳ ይደርስ ነበር። በየምርጫው አንድ ተወካይ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ድልድይ ባልነበረበት ጊዜ የድምፅ መስጫው ኮሮጆ በፈረስ ተጭኖ ነበር ወንዙን የሚሻገረው። ከፈረሱ ግራና ቀኝ የሁለት ተፎካካሪዎች ታዛቢዎች ይሄዳሉ፤ አንዱ ኮሮጆውን ለአፍታ ከለቀቀ ሌላው ይከሰዋል። አንድ ዓመት ወንዙ ሞልቶ መሻገር አልተቻለም፤ ሁለቱ ታዛቢዎች ኮሮጆውን መሐላቸው አድርገው በአንድ ጋቢ አደሩ። እኔ የምሰበስበው እንዲህ ዓይነቱን ነገር ነበር።

በኋላ ካርታው እንደገና ሲሳል ወንዙ ድንበር ሆነ። የላይኞቹ ቀበሌዎች ምሥራቅ ወዳለው፣ የታችኞቹ ምዕራብ ወዳለው ምርጫ ክልል ተጨመሩ። መሐል ላይ የነበረው ቀረ። ቢሮ ስጠይቅ የተነገረኝ ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ መክሮበት፣ ተስማምቶ እንደተከፈለ ነው። ሕዝቡን ስጠይቅ ስብሰባውን የሚያስታውስ ሰው አጣሁ። ወንዙን ወዲያና ወዲህ ተሻግሬ ጠየቅኩ። ስብሰባ አልነበረም ብለው በግልጽ፣ መቅረጸ ድምፁ እየሠራ የነገሩኝ የምርጫ ክልሉ የመጨረሻ ተወካይ ናቸው።

የእሳቸውን ስም አልጽፍም። ሰውም በስማቸው አይጠራቸውም። ማንበብ የማይችለው መራጭ ብዙ ስለነበር እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ወረቀቱ ላይ ምልክት አለው። እሳቸው በግል ሲወዳደሩ ፈረስ ጠይቀው ነበር፤ ተይዟል ተባሉ። አርሲ ምድር ላይ ፈረስ ሳይያዝ አይቀርም። የቀረላቸው ጃንጥላ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ከገበያ ገበያ ዞሩ። ተሳቀባቸው፤ ግን ተመረጡ። ከዚያ ወዲህ ከወንዙ ወዲያም ወዲህም አባ ጃንጥላ ናቸው።

ምክር ቤት በነበሩበት ዘመን አንድ ልማድ ነበራቸው። አካባቢውን የሚነካ ጉዳይ ሲመጣ በአውቶቡስ ይመለሱና በገበያ ቀን ሰው ይሰበስባሉ። እጅ አያስወጡም፤ እጅን ጎረቤት ያየዋል ይላሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ ስንዴ ይሰጠዋል። አንዱን በጨርቅ በተሸፈነ እንስራ ውስጥ ይጥላል፣ ሌላውን ኪሱ ይከታል። እንስራው ተገልብጦ ይቆጠራል። ውጤቱን ወደዱትም ጠሉትም ይዘውት ይሄዱ ነበር። ይህ ልማድ የሚያሰለች እንደነበር የሚደግፏቸው ሰዎችም ነግረውኛል።

ዓይኔ ክፍሉን ሲለምድ ጥግ ላይ እግራቸውን ዘርግተው የተቀመጡትን ሰው አየሁ። እሳቸው ነበሩ። በዚያው ሳምንት ስቀርጻቸው ቤታቸው ተቀምጠው የነበሩት ገበሬዎችም፣ የላይኛውም የታችኛውም ማዶ ሰዎች፣ በዙሪያቸው አሉ።

«መጣህ?» አሉኝ። «ቀሪውን እዚህ እንጨርሰዋለን።»

ቀልድ ይሁን አይሁን ከፊታቸው አልገባኝም።

ከእኛ ጉዳይ ውጪ የታሰሩም ነበሩ። የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም ማን የት እንደሚተኛና ማን እንደሚጠርግ የሚወስነው፣ በአደጋ የተያዘ የአሰላ ሚኒባስ ሹፌር ነው። በፈረስ ስርቆት የተጠረጠረ አንድ ቀጭን ሰው አለ። ከደቡብ መጥቶ ከተማዋ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የኖረ ነጋዴም አለ፤ እሱ ግን የተያዘው በእኛው ጉዳይ፣ ገበሬዎቹን ለቀረጻው በመኪናህ አምጥተሃል ተብሎ ነው። ወሬው በኦሮምኛ ነበር፤ ሹፌሩና ነጋዴው ሲገቡበት አማርኛ ይቀላቀላል። ገበሬዎቹ ምርጫ ክልሉ ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ የተረፈ ቂም ነበራቸው። ከታችኛው ማዶ የመጣ አንድ ረጅም ገበሬ የላይኞቹን መንገዱን ይዛችሁ ቀራችሁ ይላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ እናንተ ጤና ጣቢያውን ይሉታል። ሰዓቱ የሚያልፈው በዚህ ነበር።

አባ ጃንጥላ ስኳር አለባቸው። የግራ እግራቸው ቆስሎ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። የመጋዘኑ ሽታ ስንለምደው ጠፋ፤ የእግራቸው ሽታ ግን በየቀኑ ይጨምር ነበር። ማንም አያነሳውም። ካቦው ብቻ ወደ በሩ፣ አየር ወዳለበት፣ አዛወራቸው። የጤና ባለሙያ መጥታ ፈታ አየችው። ለተረኛው ፖሊስ ነው የተናገረችው፤ አሰላ ሆስፒታል መግባት እንዳለባቸው፣ ከቆየ እግሩ እንደሚቆረጥ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ሁላችንም ሰማን።

መርማሪው በዚያው ቀን አስጠራኝ። ጉንፋን የያዘው፣ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ።

«እኔ ከአንተ ጋር ጠብ የለኝም» አለኝ።

የሚሆነውን ሳይደብቅ ነገረኝ። ሽማግሌው ቃላቸውን ያስተካክላሉ። ስብሰባ እንደነበረ፣ ሕዝቡ እንደተስማማ፣ አልነበረም ያሉት ጋዜጠኛው ደጋግሞ አፋቸው ላይ ስላስቀመጠላቸው እንደሆነ ይፈርማሉ። ከዚያ በጣቢያው መኪና አሰላ ሆስፒታል ይገባሉ። ገበሬዎቹም ነጋዴውም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሰኔ ስለሆነ መሬታቸውን ያርሳሉ። እኔ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ሐሰት በማሰራጨትና ሕዝብ በማነሳሳት ነው አለኝ። ካልፈረሙስ? አልኩት። አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገና ካልፈረሙ ሁላችሁም ትቆያላችሁ አለ።

ክፍሉ ስመለስ ለአባ ጃንጥላም ይኸው ተነግሯቸው ነበር። የተፈረመውን ወረቀት ፖሊሶቹ በማግስቱ ጠዋት ይፈልጉታል።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይፈርሙ አልኳቸው። እኔ ደህና መሆኔን፣ ፍርድ ቤት መቅረብ የሥራዬ አካል መሆኑን፣ ጠበቃ እንደማገኝ አስረዳኋቸው። እንዲያምኑኝ ብዬ አልነበረም፤ ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ አንድ እግር ይተርፋል።

«አንተን አልጠየቅኩም» አሉኝ።

ቆይተው፣ «ስብሰባ አልነበረም ያልኩት በራሴ ስም አይደለም። ወዲያም ወዲህም ጠይቄ ነው ያልኩት። ቃሉን ላንሳው ካልኩም ጠይቄ ነው የማነሳው» አሉ።

«ማንን ነው የሚጠይቁት?» አላቸው ካቦው። «በሩ ተቆልፏል እኮ።»

«እነዚህን» አሉ፣ በዓይናቸው ክፍሉን ዞረው።

ከሰዓት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ለመሰማማት ተጠጋግተን ተቀመጥን። የረጅሙ ገበሬ ሚስት የምትልከው ንፍሮ መጥቶ ነበር፣ ባቄላና ስንዴ ተቀላቅሎ፣ በፌስታል። አባ ጃንጥላ እንዳይበላ አሉ። ሁሉም ገባው። በዚህ መንገድ ድምፅ የሰጡ፣ ወይም እናቶቻቸውና አባቶቻቸው ሲሰጡ ያዩ ሰዎች ናቸው። ባቄላ፣ ቃሉ ባለበት ይቁም። ስንዴ፣ ይፈርሙ።

ከዚያ መራጭ ማን ነው የሚለው ተነሳ። ገበሬዎቹ ላይ ጥያቄ የለም። ካቦው እኔስ አለ።

«አንተ የአሰላ ልጅ ነህ።»

«መንገዳችሁን ከእናንተ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በስሜ ነው የሚጠራኝ።»

«ጉድጓዱ ይምረጥህ እንግዲህ» አሉት አባ ጃንጥላ። «እዚያ ተመዝግበህ አታውቅም።»

ከላይኞቹ ገበሬዎች አንዱ ነጋዴውን አነሳ፤ የእሱ አገር ወዲያ ነው አለ። ነጋዴው አልተቆጣም። ታዲያ ልጅህን ስትድር ቡናውንም ስኳሩንም ከየትኛው አገር ነው ያመጣኸው ብሎ ጠየቀው። አባ ጃንጥላ ሱቁ እዚህ ነው፣ ልጆቹ እዚህ ናቸው፣ ለእኔ ይሁን ለተቃዋሚዬ ድምፁን እዚህ ነው የሰጠው አሉ። ለማን እንደሰጠ ግን አልተናገሩም። ይመርጣል ተባለ።

ረጅሙ ገበሬ ወደ ቀጭኑ ሰው ዞረ። «የፈረስ ሌባም ሊወስንልን ነው?»

«አልሰረቅኩም» አለ ሰውየው። «ፈረሱ ራሱ ተከትሎኝ ነው የመጣው።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ከገባሁ ወዲህ ሰው ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አባ ጃንጥላ ተፈርዶብሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ገና ነው አለ። ገና ከሆነ ይመርጣል አሉ።

«እኔስ?» አልኩ፣ መልሱን ባውቀውም።

«አንተ ታዛቢ ነህ። የምትቆጥረው አንተ ነህ።»

የውሃ መጠጫውን ጆግ አምጥተን ፎጣ አለበስነው። ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ለእያንዳንዱ መራጭ አንድ ባቄላና አንድ ስንዴ ሰጠሁ። አንድ በአንድ እየተነሱ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ እጃቸውን ከፎጣው ሥር አስገቡ። አባ ጃንጥላ መነሳት ስላልቻሉ ጆጉን ወሰድኩላቸውና ፊቴን አዞርኩ። የተቀቀለ እህል ጆግ ውስጥ ሲወድቅ ድምፅ የለውም። የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር።

ከረጢቱ ላይ ስገለብጠው አንድ ጎደለ። ቁጥሩን ደገምኩት፣ ጎደለ። አንድ ድምፅ የለም አልኩ። ከላይኞቹ ገበሬዎች መካከል በዕድሜ የገፋው እጁን አነሳ።

«ሁለቱንም በላኋቸው» አለ። «እጄ ላይ ሲሰጡኝ ረሳሁት።»

እንደገና ይሰጠው የሚሉ ነበሩ። አባ ጃንጥላ አይሆንም አሉ። «ድምፀ ተአቅቦ በለው» አሉኝ። «ምክር ቤትም ድምፁን የሚበላ ነበር።»

ለየሁ። ባቄላውን በአንድ ወገን፣ ስንዴውን በሌላ ወገን አደረግኩ። ለማየት መቁጠር አያስፈልግም ነበር። ስንዴው ይበልጣል። ስንዴው ለእግራቸው ይሁን ለሚያልፈው የመዝሪያ ጊዜ አላውቅም፤ ድምፅ ምክንያቱን አብሮ አይናገርም። ያም ሆነ ይህ እኔን ፍርድ ቤት የሚያቀርበኝ ክምር ያ ነበር። ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፣ መጀመሪያ ባቄላውን፣ ቀጥሎ ስንዴውን። ይፈርሙ የሚለው በልጧል አልኩ። ገበሬዎቹ ወደ እኔ አያዩም ነበር። ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ ድምፅ ነበር፤ ያንን አስታውሳለሁ።

«ቅሬታ ያለው አለ?» አሉ።

ማንም አልተናገረም።

«ታዛቢስ?»

«የለኝም።»

«ቶሌ» አሉ። እሺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ንፍሮውን ብሉ አሉ፤ ተበላ። ካቦው አጠገቤ መጥቶ ፌስታሉ በእጅህ ነበር፣ ጥቂት ባቄላ ብትጨምር ማን ያይህ ነበር አለኝ። ማንም አያየኝም ነበር። ከንፍሮው ዘግኖ ሰጠኝና አብረን በላን።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችንን አንድ ላይ ጠሩን፤ ሲፈርሙ እኔም እንዳይ ነው። ካቦውና ነጋዴው ደግፈው እስከ መርማሪው በር አደረሷቸው። ከውጭ መኪናው ቆሞ ነበር፤ የኋላ በሩ ተከፍቶ ፍራሽ ተነጥፎበታል። መርማሪው ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው፣ እግራቸውን የሚያሳርፉበትም ሌላ ወንበር። አባባ እያለ ነው የሚያናግራቸው። ወረቀቱን ራሱ አነበበላቸው። በጥሞና ሰሙት።

«እፈርማለሁ» አሉ። «አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት።»

መርማሪው እስኪብርቶውን አነሳ። እሳቸው አስጻፉት፤ እሱ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ከጻፈ በኋላ እጁ ቆመ። ያሉት ይህን ነው፤ ይህን ቃል የምሰጠው የምርጫ ክልሌ መራጮች በድምፅ ብልጫ ስለወሰኑ ነው።

«የትኞቹ መራጮች?»

«እዚያ ክፍል ያሉት። ታዛቢም ነበረ፤ ይኸው።»

መርማሪው ወደ እኔ አየ። እውነት ነው አልኩት። ድምፅ ተሰጥቷል፣ ተቆጥሯል፣ ይፈርሙ የሚለው አሸንፏል አልኩ። ከሁለታችን የሚቀልድ እንዳለ ለማወቅ ፊታችንን አየ። አላገኘም።

«አባባ፣ እንዲህ የሚባል ምርጫ ክልል የለም እኮ» አላቸው በለሆሳስ።

«ከሌለ ስለ እሱ ለምን ታስፈርመኛለህ?»

ወጥቶ ስልክ ደወለ። ከበሩ ማዶ አዎ፣ አዎ፣ አይ እሱን ብቻ ሲል እሰማለሁ። አባ ጃንጥላ ወንበሩ ላይ ያረፈውን እግራቸውን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ያዩት ነበር። ላብ ግንባራቸው ላይ ነበር፤ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሲመለስ መርማሪው ሌላ ንጹሕ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ዓረፍተ ነገሩ የሌለበት። ይኸኛውን ይፈርሙ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አሰላ ነዎት አለ። ይህን ሲል ለመናቸው እንጂ አላስፈራራቸውም። ይህን የምጽፈው ሰውየውን እንዳልበድለው ነው።

«ያ መስመር ይውጣ አላሉኝም» አሉ። «ሄጄ ልጠይቃቸው።»

እሺ ያለው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት የሚሰጡትን መልስ እንደ እኔው ገምቶ ይሆናል። ትናንት ይፈርሙ ያሉ ሰዎች ዛሬ ለአንዲት መስመር ብለው አይቀየሩም። እግሩም ያው እግር ነው፣ ሰኔውም ያው ሰኔ።

ክፍሉ ገብተው እንደ ተቀመጡ፣ ከስብሰባ እንደተመለሰ ተወካይ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገሩ። ውሳኔያችሁን አቀረብኩ። መፈረሙን ተቀበሉት፣ እናንተ ወሰናችሁ የሚለውን አልተቀበሉም። ምርጫ ክልሉ የለም ተባልኩ። ያቺን መስመር ካወጣሁ መኪናው ውጭ ቆሟል፣ እናንተም ከሰዓት ትወጣላችሁ። ካላወጣሁ የለም። አስተያየት አልጨመሩም። ንፍሮ አልነበረም፤ ጠዋት ነበር። ዛሬ በእጅ ይሁን፣ አቅም የለኝም አሉ።

ከውጭ የመኪናው ሞተር ሲነሳ ሰማን፤ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ረጅሙ ገበሬ ነው መጀመሪያ የተናገረው። ለእሳቸው ሳይሆን መንገዱን ይዛችሁ ቀራችሁ ይላቸው ለነበሩት ለላይኞቹ ገበሬዎች ነበር።

«እኔ ትናንት ስንዴ ነበር የጣልኩት» አለ። «የጣልኩት ግን እኔ ነኝ።»

መስመሩ ይቆይ የሚል እጁን ያውጣ አሉ አባ ጃንጥላ። ረጅሙ አወጣ። ነጋዴው አወጣ። ነጋዴውን አገሩ ወዲያ ነው ያለው ገበሬ አወጣ። ድምፁን የበላው ሽማግሌ፣ ቀጭኑ ሰው፣ ሌሎቹም። እጆቹ ከትከሻ በላይ አልተነሱም፣ እንደ ደከመ ሰው እጅ። ካቦውም አውጥቶ ነበር።

«አንተ አውርድ» አሉት አባ ጃንጥላ። አወረደ።

ቆጠርኩ። ተቃውሞ የለም፣ ተአቅቦ የለም አልኩ። ተረኛውን ጠርተው ለመርማሪው አልፈቀዱም በልልኝ አሉት። ፖሊሱ ማን ነው ያልፈቀደው አለ። እሳቸው መልሱን ለሌሎቹ ተዉት፤ ነጋዴው እኛ አለው። መኪናው ጥቂት ቆይቶ ሞተሩን አጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሚነገር ብዙ የለም። አባ ጃንጥላ አሰላ የተወሰዱት ራሳቸውን ስተው ካገኟቸው በኋላ ነው። የግራ እግራቸውን ጣቶች አጥተዋል። እኛም አንድ ሁለት እየተባልን ተፈታን፤ ክስ አልቀረበብንም፣ ምክንያትም አልተነገረንም። መቅረጸ ድምፄ ተመልሶልኛል፤ ውስጡ ባዶ ነበር። የምርጫ ክልሉን ታሪክ ከማስታውሰውና እንደገና ሄጄ ከጠየቅኩት ጽፌ ጨረስኩ። የመጨረሻው ምርጫ ብዬ ያስገባሁት የመጋዘኑን ነው። አዘጋጁ በዚያን ጊዜ ክልሉ ተሰርዞ ስለነበር ይህ የፍሬ ነገር ስህተት ነው አለኝ። ተከራክሬ አሳመንኩት ማለት አልችልም፤ ደክሞት ተወው።

አሁንም በዚያ መንገድ በሥራ አልፋለሁ። ሌሎች ምርጫዎችን ዘግቤያለሁ፤ ሰልፍ፣ ቀለም የነካው ጣት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ውጤት። ሥራዬን እንደሚገባ የሠራሁ ይመስለኛል። ከዚያ ክፍል የወሰድኩት የተለየ ስሜት አለ ወይ ብዬ ራሴን ፈትሼያለሁ። ብዙም አላገኘሁም። የማስታውሰው የእጆቹን ከፍታ ነው።

በዚያ ዓመት ገበሬዎቹ ከመጋዘኑ የወጡት የዘር ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር። መስከረም ላይ በሚኒባስ ሳልፍ ከወንዙ ወዲያም ወዲህም፣ አረንጓዴው ስንዴና ገብስ መሐል፣ ያልታረሱ ቁራሽ መሬቶች አየሁ፤ ሣር ወርሷቸው፣ ፈረሶች ይግጡባቸዋል። የማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ባለቤቶቹን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፤ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንድ ጊዜም ሰርግ ላይ። ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያ እናወራለን። መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ ከባድ ጥያቄ ለባለሥልጣን ጠይቄ አውቃለሁ። እነሱን ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ትቆይ በማለታቸው ይቆጫቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።